ጨዋታና እንጀራ በአንድ ውሃ ላይ

የአንዱ መዝናኛ ለሌላው እንጀራ በሆነበት ስፍራ መዝናናት ምን ዓይነት ግዴታ ያስከትላል? ጀሪካን ደርድሮ ውሃ መጠበቅን ለሚያውቀው የባልባላ ነዋሪ ጥያቄው የቅንጦት ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ጉዳዩ እዚሁ ደጃፉ ላይ ከሚያልቅ ወንዝ ጋር የተያያዘ ነው።

አዋሽ ባሕር አይደርስም፤ በኢትዮጵያና በጂቡቲ ወሰን ላይ በሚገኘው በአቤ ሐይቅ ያበቃል። በላይኛው ጉዞው ግን ቆቃ ላይ ተገድቦ ይተኛል። ግድቡ ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። የታሰበው ለኤሌክትሪክ ነበር፤ ዓሣውና ሽርሽሩ ተከትለው መጡ። ውሃው የተኛበት ሜዳም ባዶ አልነበረም፤ ነዋሪዎቹ ለቀውለት ሄደዋል።

በእንዲህ ያለ ውሃ ዳር ሁለት ዓይነት ሰው ይቆማል። አንዱ በዕረፍት ቀኑ መንጠቆ ይዞ ከከተማ የመጣ ነው። ሌላው ጎሕ ሳይቀድ መረቡን የሚስብ፣ የጾም ገበያ ሲደራ ዕዳውን ለመክፈል ተስፋ የሚያደርግ አጥማጅ ነው።

«አንድ መንጠቆ ከመረብ አንጻር ምን ይጎዳል?» የሚል አይጠፋም። በቁጥር ከተመዘነ እውነት አለው። ሥነ ምግባር የሚመዝነው ግን ብዛትን ብቻ ሳይሆን ምርጫንም ነው። አጥማጁ ያላደገ ቆሮሶ ወደ ውሃው ሲመልስ ከልጆቹ ምሳ ይቀንሳል፤ ተዝናኙ ሲመልስ ከደስታው እንኳ የሚጎድል ነገር የለም። እንግዲህ መተው የሚቀልለው ሰው የመተው ግዴታው ይከብዳል።

ይህ ማለት ድህነት ሁሉን ይፈቅዳል ማለት አይደለም። ዓይነ ጠባብ መረብ የነገን ዓሣ ዛሬ ይበላል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315ም ሀብቱ እንዲጠበቅ ያዛል። ነገር ግን ቆቃን ይበልጥ የጎዱት ደለሉ፣ በሞጆ ወንዝ በኩል የሚገባው የፋብሪካ ፍሳሽና እምቦጩ ናቸው። እነዚህን ድሃው አጥማጅ ቢናገር የሚሰማው ጥቂት ነው፤ ጊዜና ተሰሚነት ያለው ተዝናኙ ነው።

ዕረፍት ኃጢአት አይደለም፤ የደከመ ሰው ውሃ ዳር መቀመጡ ተገቢ ነው። ሆኖም ከውሃው ደስታን የወሰደ ሰው ቢያንስ ምስክርነቱን ሊከፍለው ይገባል። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ይባላል፤ ላይኛው ካልጠበቀለት የአዋሽም የታችኛው ልጅ ዕጣው ከዚህ አይለይም።