«አላየሁሽም» ማለት ይበቃል ወይ?



ዛሬ የምናነሳው ጥያቄ ለሁላችንም ቅርብ ነው። አንድ ሾፌር ስልኩን እያነበበ ሲነዳ መንገድ የምታቋርጥ እህታችንን ገጨ እንበል። ቦታው እዚሁ ስዌይለህ አደባባይ ይሁን፣ ወይም ወደ ዩኒቨርሲቲው የሚወስደው የንግሥት ራኒያ ጎዳና። ሰውየው ደንግጦ ይወርድና «ወላሂ አላየሁሽም፣ ማዓሌሽ» ይላል። እውነቱን ነው፣ አላያትም። ሊጎዳትም አላሰበም። ታዲያ ያላሰበ ሰው ዕዳ አለበት ወይ? እሷስ ካሳ ብትጠይቅ ክፉ ትባላለች?

ብዙዎቻችን «ሆን ብሎ አላደረገው፣ ምን ይደረግ» እንላለን። ግን አለማየትም ይለያያል እኮ። ጭጋግ ከልክሎት ያላየና ዓይኑን ስልክ ላይ ተክሎ ያላየ እኩል አይደሉም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ2 ሰከንድ 33 ሜትር ያህል ይሄዳል። 2 ሰከንድ «የት ነህ?» የሚል መልእክት ለማንበብ ይበቃል። ያን ሁሉ መንገድ ዓይኑን ጨፍኖ እንደነዳ ቁጠሩት። የዓለም ጤና ድርጅትም ስልክ እየተጠቀመ የሚነዳ ሰው አደጋ የመድረስ ዕድሉ 4 እጥፍ ያህል ነው ይላል። ሾፌሩ እሷን መጉዳት አልፈለገም፤ መንገዱን አለማየትን ግን ራሱ መርጧል።

ሕጉም ሐሳቡን ብቻ አይመለከትም። በ1976 እ.ኤ.አ. የወጣው የዮርዳኖስ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 256 ሌላውን የጎዳ ሁሉ፣ ነፍስ ያላወቀ ልጅ እንኳ ቢሆን፣ ጉዳቱን ይካስ ይላል። የእኛም አገር የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 ሾፌሩ ሌላ ሰው ቢሆንም የመኪናው ባለቤት ለደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ። እዚህ አገር በ2023 እ.ኤ.አ. በተሻሻለው የትራፊክ ሕግ ስልክ በእጁ ይዞ የሚነዳ 50 ዲናር ይቀጣል። ያ ገንዘብ የመንግሥት ነው፣ ለተሰበረ እግር አይሆንም። የተጎዳችው ካሳ ለብቻው ይጠየቃል። ቢሆንም ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ክሮካ ሲሠራ ሾፌሩ ስልክ ይዞ እንደነበር ከተጻፈ፣ ወይም ያየ ሰው ከመሰከረ፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለማስረዳት ይጠቅማል። ለዚህ ነው 911 ሳይደወል 20 ዲናር ተቀብሎ መሄድ የማይመከረው።

«ሾፌሩም እንደኛ ደሃ ነው፣ የልጆቹን ዳቦ ልቀማ?» የምትል አትጠፋም። ጥሩ ልብ ነው። ግን መኪና ሁሉ ሌላ ሰው ለሚጎዳበት ጊዜ መድን እንዲገባ ግዴታ አለበት። ይሄ መድን የተበጀው ለዚሁ ቀን ነው።

ዓረቦች «ሐቅ» ይላሉ። በእኛ ቋንቋ እውነት ማለት ነው፣ በእነሱ ደግሞ ለሰው የሚገባውም ነው። ሰው ሲገጭ የገጪው ወገን ሽማግሌ ይሰበስባል፣ ጃሃ ይሉታል። ቡና ይቀርብላቸዋል፣ ጥያቄያቸው ካልተመለሰላቸው ግን አይቀምሱትም። የእኛን ሽምግልና ይመስላል፤ ደግ ልማድ ነው። ነገር ግን ወገን ለሌላት ሠራተኛ ማን ጃሃ ይልካል? ለእሷ ብዙ ጊዜ የሚመጣው «ፈርሚ» የሚል ወረቀት ነው። ምን እንደተጻፈበት ሳታውቁ አትፈርሙ፣ ሐቃችሁን ትቻለሁ የሚል ሊሆን ይችላል።

ይቅርታ ትልቅ ነገር ነው። ግን መጠየቅ የማትችል ሴት ዝም ስትል ይቅር አለች አይባልም፣ ፈራች እንጂ። ወረቀት የሌላት እህት ፖሊስ ፊት መቆም ትፈራለች፣ ፍርሃቷም ከንቱ አይደለም። ሆኖም ሕጉ «ሌላውን የጎዳ» ይላል እንጂ «ኢቃማ ያለውን የጎዳ» አይልም። ፖሊስ ዘንድ ከመሄዷ በፊት ምክር ትጠይቅ። አማን ያለው ተምኪን የሚባለው የሕግ እርዳታ ድርጅት የስደተኛ ሠራተኞችን ጉዳይ ያያል። ጊዜም አለው፤ ጉዳቱና ጎጂው ከታወቀ 3 ዓመት ካለፈ ክስ አይሰማም። በአገራችን ሕግ ደግሞ 2 ዓመት ነው።

ለራሳችንም እናስብ። ዓርብ ዕረፍት ስንወጣ ከቤተሰብ ጋር እያወራን፣ ስልኩን ጆሯችን ላይ ለጥፈን የምናቋርጥ አለን። ቁጥር 264 የተጎዳው ሰው ለጉዳቱ አስተዋጽኦ ካለው ዳኛው ካሳውን መቀነስ፣ ከነጭራሹም መከልከል ይችላል ይላል። ፍርዱ ትክክል ነው፤ ከሾፌሩ የምንፈልገውን ጥንቃቄ እኛም ልናደርግ ይገባናል።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ስለዚህ ለጥያቄያችን መልሱ ይሄ ነው፦ «አላየሁሽም» ላለ ሰው ልባችን ይቅር ሊለው ይችላል፣ የሆስፒታሉን ሒሳብ ግን ይቅርታ አይከፍለውም። ሁለቱን አብሮ መያዝ ክፋት አይደለም። ቂም ሳይዙ ሐቅን መጠየቅ ይቻላል።

እስቲ እናንተም ተወያዩበት፣ ያልሰማችውም ታንብበው። በደህና ያገናኘን።