ራሱን ስለሚችል ልጅ

ወላጆች ሆይ፥ ልጅን መውደድ ማለት ሁሉን ነገር ስለ እርሱ ማድረግ ነውን? ወይስ እርሱ ራሱ ያደርገው ዘንድ ማስተማር ነው? ጥያቄው ቀላል መስሎ ይታያል። ነገር ግን በብዙ ቤት እንዳየሁት መልሱ በአፍ አንድ፥ በሥራ ግን ሌላ ነው። ልጃችን ራሱን እንዲችል እንመኛለን እንላለን፤ ልብሱን ግን እኛው እናጥብለታለን፥ የቤቱንም ገቢና ወጪ እንደ ምሥጢር እንሰውርበታለን። ከዚያ በኋላ ዐሥራ ስምንት ዓመት በሞላው ጊዜ፥ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለአካለ መጠን ደርሷል ይለዋል፤ ውል ይዋዋላል፥ ይበደራል፥ ለሰውም ዋስ ይሆናል። ሥልጣኑን በአንድ ቀን ያገኘዋል፤ ዕውቀቱን ግን ማን ይሰጠዋል?

እኔ ራሴ በዚህ ነገር በደለኛ ነበርሁና የደረሰብኝን እናገራለሁ። የመጀመሪያ ልጄ ወደ ዩኒቨርሲቲ በሄደ ጊዜ ለሦስት ወር ይበቃዋል ያልሁትን ገንዘብ ሰጠሁት፤ ብዙም መከርሁት። ገንዘቡ በሦስተኛው ሳምንት አለቀ። በመጠጥ ያጠፋው መስሎኝ እጅግ ተቈጣሁ። ኋላ ግን ከእርሱ ጋር ተቀምጬ ሒሳቡን ብመረምር ነውር ያለበት ነገር አላገኘሁም። ጧት ጧት ሻይና ብስኵት፥ ለልብስ አጣቢ ጥቂት፥ ለጓደኛ ብድር፥ ለስልክ ጥቂት ነበረ። ልጁ አንድ ሺህ ብር ስንት ቀን እንደሚያኖር ከቶ አያውቅም ነበርና። ከየትስ ያውቀዋል? በቤቴ ሳለ የጤፍን ዋጋ በጠየቀ ጊዜ፥ «አንተ ትምህርትህን ተማር» ብዬ የመለስሁት እኔ ነኝ።

ቀድሞ እናቶቻችን ሳንቲሙን ከመቀነታቸው ፈትተው ሲቈጥሩ ልጅ አጠገባቸው ቆሞ ያይ ነበር። የተፈታው ቋጠሮ እንደ ቀለለ፥ የቀረውም ጥቂት እንደ ሆነ በዓይኑ ይረዳ ነበር። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከተጀመረ ወዲህ ግን ብዙው ግብይት በስልክ ይፈጸማል፤ ልጁም የሚያየው የአባቱን ጣት ብቻ ነው። እኔ ይህን መሣሪያ አልነቅፍም፥ እኔም እገለገልበታለሁ። ነገር ግን ዓይን ያላየውን አንደበት ሊነግረው ይገባል። በወር አንድ ምሽት ልጆችን ሰብስቦ፥ የገባው ይህ ነው፥ ለኪራይ ይህን ያህል፥ ለእህል ይህን ያህል፥ ለእድር ይህን ያህል ወጣ፥ የቀረውም ይህ ነው ብሎ መንገር ምን ያሳፍራል? አባት የሚፈራው ድህነቱ እንዳይገለጥ ነው። ልጆች ግን ድህነታችንን አስቀድመው ያውቁታል፤ የማያውቁት እንዴት እንደምንኖርበት ነው።

ምናልባት አንዳንድ ሰው፥ «ልጅን ገንዘብ መቍጠር ማስተማር ገንዘብ ወዳድ ያደርገዋል» ይል ይሆናል። እኔም ብዙ ዘመን እንዲህ አስብ ነበር። ነገር ግን በአራጣ ተይዘው ያየኋቸው ጐልማሶች ገንዘብን የሚወዱ አልነበሩም፤ መቍጠርን ያልተማሩ ነበሩ። በወር ከመቶ ዐሥር እየከፈለ 1,000 ብር የተበደረ ሰው በየወሩ 100 ብር ይሰጣል። ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ቢያደርግ 1,200 ብር ከፍሎ ሳለ፥ ዋናው 1,000 ብር ገና እንዳለ በላዩ ነው። ይህን ሒሳብ የዐሥር ዓመት ሕፃን በመሬት ላይ በጭረት ሊሠራው ይችላል፤ ከሠራውም በኋላ አይረሳውም። እቁብንም እንዲሁ አሳዩት። ዐሥራ ሁለት ሰዎች በየወሩ 1,000 ብር ቢጥሉ 12,000 ብር ይሆናል፤ ዕጣው መጀመሪያ የደረሰው ያለ ወለድ እንደ ተበደረ፥ በመጨረሻ የደረሰውም እንዳጠራቀመ ነው። መጀመሪያ የበላው ሰው ስለ ምን ዋስ እንደሚጠራ ጠይቁት፤ መልሱን ራሱ ሲያገኘው እምነት ማለት ምን እንደ ሆነ ያን ጊዜ ያስተውላል።

ስለ ማድ ቤት ደግሞ ጥቂት ልናገር፤ በዚህ ነገር ወንዶች ይስቁብኛልና። አዳሪ ተማሪ በነበርሁ ጊዜ መኝታ ቤታችንን እኛው እንጠርግ፥ ልብሳችንንም እኛው እናጥብ ነበር፤ እኔም ይህን እንደ ውርደት ቈጥሬ በልቤ አጕረመርም ነበር። ሐዋርያው ጳውሎስ በእጁ ድንኳን ይሠራ እንደ ነበር እያነበብሁ፥ ባልዲ መሸከም አሳፈረኝ። እንጀራ ግን አላስተማሩንም። ስለዚህም ዱቄቱ ከእርሾ ጋር በውኃ እንደሚቦካ፥ ሁለት ሦስት ቀን እንደሚቈይ፥ ከላይ የቀረረው ውኃ እንደሚደፋ፥ ከሊጡም ጥቂቱ በእሳት ላይ ተበጥብጦ አብሲት ሆኖ እንደሚመለስ፥ ከዚያም ኵፍ እስኪል ተጠብቆ እንደሚጋገር ሳላውቅ አገባሁ። ይህን ያልሠራ ሰው እንጀራ ከሞሰብ የሚበቅል ይመስለዋል። ቢኰመጥጥ ይቈጣል፥ ቢዘገይም ይሳደባል። በሚስቱ ላይ፥ ይልቁንም በደመወዝ በምታገለግለው በገጠሪቱ ልጅ ላይ፥ ሳያውቅ ግፍ ይሠራል። ወንድ ልጅ ይጋግር የምለው በረኀብ እንዳይሞት ብቻ አይደለም፤ በሰው ድካም ላይ ፍርድ ከመስጠቱ አስቀድሞ ድካሙን ይቅመሰው ብዬ ነው።

ሌላም አለ፤ ቤት የሚከራይ ወጣት ውሉን ሳያነብብ አይፈርም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ዐዋጅ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፥ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ያዝዛል። ይህን የሚያውቁ ወጣቶች ጥቂቶች ናቸው።

አንዲት ባል የሞተባት ጎረቤታችን ይህን ሁሉ ሰምታ፥ «ጋሼ፥ ልጄ ሁሉን ከቻለ እኔን ምን ይፈልገኛል?» አለችኝ። እውነተኛ ፍርሃት ነውና ቶሎ መልስ አላገኘሁለትም። የሚችል ልጅ ይሄዳል፤ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል። ነገር ግን ስለ አለመቻሉ ብቻ አጠገቧ የሚቀር ልጅ ስለ ፍቅር ቀረ ይባላልን?

እርስዋም ዝም ብላ ሄደች። በሚቀጥለው ወር ግን የዐሥራ አራት ዓመት ልጅዋን የወሩን የአስቤዛ ገንዘብ በእጁ ሰጥታ ወደ ገበያ ላከችው። ዘይቱን ሳይጠያይቅ ገዝቶ ኖሮ ለሽሮው ጐደለው። እርስዋም አልጨመረችለትም፤ የወሩን መጨረሻ ሦስት ቀን ቆሎና ሻይ አብራው ቀመሰች። በሁለተኛው ወር ልጁ ከመግዛቱ በፊት አራት ሱቅ ዞረ፤ በመመለሻውም ለእናቱ ቡና ይዞላት ገባ።