በሩን ማን ይዝጋ?

እ.ኤ.አ. በ2016 በደቡብ እንግሊዝ «ሳዘርን» በተባለው የባቡር መሥመር ሠራተኞች አደሙ። ጠቡ በበር ነው። ኩባንያው ነጂው ራሱ በካሜራ እያየ ይዝጋ ሲል፣ አር. ኤም. ቲ. የተባለው ማኅበር ተቆጣጣሪው ከመንገደኛው አይለይ አለ።

እኛን ያከራከረን ግን ሌላ ነው፦ ለነገው መንገደኛ ሲባል የዛሬውን ጣቢያ ላይ ማስቀረት ፍትሕ ነው ወይ? እስቲ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደውን ሰው አስቡት። ሠራተኛ በሌለበት ጣቢያ መወጣጫውን የሚዘረጋለት ተቆጣጣሪው ነው፤ በአድማው ቀን ግን እሱም ቀርቷል። ይህን መሸፋፈን አያዋጣንም። ሆኖም አድማ ቀን ቆጥሮ ያበቃል፤ የተሰረዘ የሥራ መደብ እንደወጣ ይቀራል።

ደሞዛቸውን ነው የሚያስቡት ይባላል። ቢያስቡስ! እንጀራና የሰው ደኅንነት አብረው አይቆሙም ያለው ማነው? በ2023 በእንግሊዝ የጣቢያ ትኬት መሸጫዎችን ለመዝጋት ሲታቀድ ከ750,000 በላይ አስተያየት ጐረፈ፤ አብዛኛው ተቃውሞ ነበር፣ ያውም ከመንገደኛው። መንግሥት ዕቅዱን በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ተወው።