ዐውሎ ነፋስና የሰው ፍርድ

መከራ በደረሰበት ስፍራ ሁሉ ምክንያት መፈለግ የሰው ልቡና ልማድ ነው። ይህም ከማስተዋል የሚመጣ ስለ ሆነ በራሱ አይነቀፍም፤ ዳሩ ግን ምርመራው ሳናውቀው ወደ ፍርድ ይለወጣል። «ይህ ለምን ሆነ?» ብለን ጀምረን «ምን በድለው ይሆን?» ብለን እንጨርሳለን። በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፥ ቃላችን ለተጎዱት ሁለተኛ ጉዳት ይሆንባቸዋል። ይህን ነገር በአንዲት ትንሽ ከተማ ታሪክ ልንመረምረው ወደድን።

በአሜሪካ አገር፥ በካንሳስ ግዛት፥ ስንዴ በሚዘራበት ሜዳ ላይ ግሪንስበርግ የምትባል ከተማ አለች። እ.አ.አ. በ2000 በተደረገው ቆጠራ ነዋሪዎችዋ 1,574 ነበሩ። ሚያዝያ 26 ቀን 1999 ዓ.ም.፥ ይኸውም እ.አ.አ. ሜይ 4 ቀን 2007፥ ዓርብ ማታ ቶርኔዶ የሚሉት ዐውሎ ነፋስ መጣባት። ወርዱ 2.7 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ነበረ ከተማይቱን ከዳር እስከ ዳር ሸፈናት፤ ፍጥነቱም በሰዓት 330 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ ተገመተ። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከመቶው 95 እጅ የሚሆነው የከተማይቱ ክፍል ፈረሰ። ትምህርት ቤቱና ሐኪም ቤቱ ወደቁ፤ አብያተ ክርስቲያናትም ፈረሱ፤ ከ10 የሚበልጡ ሰዎችም ሞቱ።

ሳይፈርሱ ከቀሩት ጥቂት ሕንፃዎች አንዱ የከተማይቱ መጠጥ ቤት ነበረ። እንግዲህ ዐውሎውን የኃጢአት መመዘኛ የሚያደርግ ሰው ለዚህ ምን ይመልሳል? ጸሎት የሚደረግባቸው ቤቶች ወድቀው መጠጥ የሚሸጥበት ቤት ስለ ቆመ እግዚአብሔር መጠጥ ቤቱን መረጠ ይላልን? አይደፍርም። መጠጥ ቤቱ ወድቆ አብያተ ክርስቲያናቱ ቆመው ቢሆን ኖሮ ግን «የእግዚአብሔርን ፍርድ ተመልከቱ» ለማለት በፈጠነ ነበር። ደስ ላለን ፍርድ ብቻ የምናነሣው ሚዛን፥ ሚዛን አይደለም። ያም መጠጥ ቤት ለጥቂት ጊዜ የሟቾች አስከሬን ማሳረፊያ ሆነ፤ ለሙታን ጥላ የሚሆን ሌላ ጣራ በብዛት አልቀረምና።

ስለ ነፋሱም ቢሆን የሚታወቅ ነገር አለ። ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የሚነሣው ሙቅና እርጥብ አየር፥ ከምዕራብ ከሚመጣው ደረቅ አየር ጋር በዚያ ሜዳ ላይ ሲገናኝ ብርቱ የነጎድጓድ ደመና ይወልዳል። በላይና በታች ያለው ነፋስ በአቅጣጫና በፍጥነት ሲለያይ ደግሞ ደመናው ይሽከረከራል፤ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ ዐውሎው ወደ ምድር ይወርዳል። ያው እርጥብ አየር ለስንዴው ዝናም የሚሰጠው ነው። ጌታችን በተራራው ትምህርቱ ዝናም በጻድቁም በበደለኛውም እርሻ ላይ እንደሚወርድ አስተምሮናል፤ ዝናም የሰውን ሥራ መርምሮ ካልወረደ፥ ዐውሎው መርምሮ ይመጣል የምንል እኛ ከወዴት ተማርነው?

ምናልባት፥ «እንዲህስ ከሆነ መቅሠፍት የለም ልትሉ ነውን?» የሚለን ይኖራል። አይደለም። መቅሠፍት እንደ ነበረ መጻሕፍት ይናገራሉ፤ ነገር ግን በዚያ ጊዜ የተናገረው የተላከ ነቢይ ነው፤ እኛ ግን ሳንላክ እንናገራለን። የኢዮብን ልጆች የገደላቸው ከምድረ በዳ መጥቶ የቤቱን አራት ማዕዘን የመታ ነፋስ ነበረ። ወዳጆቹ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው ከእርሱ ጋር በተቀመጡ ጊዜ አጽናኞች ነበሩ፤ የመከራውን ምክንያት ሊያስረዱ አፋቸውን በከፈቱ ጊዜ ግን ከሳሾች ሆኑ፤ እግዚአብሔርም ገሠጻቸው። የሰሊሆም ግንብ 18 ሰዎችን በገደለ ጊዜም ጌታችን ሟቾቹ ከሌላው ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ ተናግሮ፥ ነገሩን ወደ ሰሚዎቹ መለሰው፤ ንስሓ ግቡ አለ። እንግዲህ መከራ የሚያስነሣው ጥያቄ በሞቱት ላይ የሚፈረድበት ሳይሆን፥ በሕይወት ያለነው የምንመረመርበት ነው።

በዚያች ሌሊት ዐውሎው ከመድረሱ አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ ተነግሮ፥ ሳይረን የሚሉት የአደጋ ጡሩምባ ጮኾ ነበር። የሰሙትም ብዙዎች ወደ ምድር ቤት ወርደው ተረፉ። ሰማዩን ነቅቶ የጠበቀ፥ ሰምቶም የታዘዘ፥ ለጎረቤቱም የነገረ ሰው የምሕረት መሣሪያ ሆኗል። ምሕረትን ከተአምራት ብቻ የሚጠብቅ ሰው፥ በባልንጀራው እጅ የመጣችለትን ሳያያት ያልፋል።

ከጥፋቱ በኋላ ነዋሪዎቹ ከተማቸውን እንደ ገና ሠሩ። ኀይል የሚቆጥቡ ሕንፃዎችን አቆሙ፤ ከከተማይቱም ውጭ በነፋስ የሚዞሩ 10 መዘውሮች ተተክለው መብራት አመነጩ። ቀድሞ ያፈረሰው ነፋስ አሁን ለሥራ ዋለ። ይህ የሚያስደስት ነው፤ ነገር ግን «እንግዲያው ሁሉ ለበጎ ሆነ» ብለን እንዳንቸኩል እ.አ.አ. የ2010 ቆጠራ ይከለክለናል። የነዋሪው ቍጥር 777 ሆኖ ተገኝቷል፤ ከቀድሞው እኩሌታ መሆኑ ነው። የተመለሰው ቤት እንጂ የሞተው ሰው አይደለም። መከራውን ፈጥኖ በበጎ መተርጐምም እንደ መክሰስ ሁሉ የችኰላ ፍርድ ነው።

ታዲያ የካህኑና የምእመኑ ድርሻ ምንድን ነው? ወደ ለቅሶ ቤት የሚገባ ሰው አስቀድሞ ይቀመጣል እንጂ አይመራመርም። በሩቅ አገር ለደረሰውም ቢሆን ሥርዐቱ ይኸው ነው፤ ለሞቱት መጸለይ፥ ለተረፉት የሚቻለውን መላክ፥ ስለ ራስ ንስሓ መግባት። ከዚህ በኋላ የሚናገር ቃል ቢኖረን፥ ልቅሶን ያየ ቃል ይሆናል።

እግዚአብሔር አምላካችን ከመፍረድ የሚዘገይ አንደበትን፥ ከመርዳት የማይዘገይ እጅን ያድለን። አሜን።