ትርፉ ከማን ኪስ ነው?

ሪያድ በሰው ቤት የምትሠራ እህታችን ለእናቷ በባንክ ትላክ ወይስ በጥቁር ገበያ? ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ጥቁር ገበያው የባንኩን እጥፍ ገደማ ይከፍል ነበር፤ ልዩነቱ ዛሬም አልጠፋም። እሷ ሪያሏን እዚያ ለደላላ ትሰጣለች፤ ተባባሪው እዚህ ለእናቷ ብር ይቆጥራል፤ የውጭ ምንዛሪው ግን ባንክ አይገባም። ከባንክ ዶላር የሚጠብቀው መድኃኒት አስመጪ ወረፋው ይረዝምበታል፤ መድኃኒቱን የሚጠባበቀው በሽተኛም ባልንጀራችን ነው።

ታዲያ እንፍረድባት? የዕረፍት ቀን ተከልክላ ባንክ መድረስ የማትችል አለች። «በዚያ ላኪው፣ ይበልጣል» እያልን የምንወተውታት ግን እኛ ነን። ትርፉን የፈለግነው ለእናት መታከሚያ ነው ወይስ ለአዲስ ስልካችን? ይህን በጌታ ፊት ተንበርክከን እንመልስ፤ ከዚያ እንደውልላት።