ጆሮ መቼ ይፈርዳል?

ሙዚቃን በትምህርት ለመያዝ የተነሣ ወጣት ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት ሁለት ዓይነት ምክር ይደርሰዋል። አንደኛው ወገን «ኖታ ተማር፤ አለዚያ በጨለማ ስትዳብስ ትኖራለህ» ይለዋል። ሌላው ደግሞ «ተው፣ ሙዚቃ የልብ ነገር ነው፤ ስሌት የገባበት ዕለት ስሜቱ ይሞታል» ሲል ያስጠነቅቀዋል። ሁለቱም ከቅንነት የመነጩ ናቸው። ነገር ግን ሁለቱም አንድ ጥያቄ ዘለው ያለፉ ይመስለኛል፤ ይኸውም ይህ ዕውቀት ጀማሪውን አድማጭ ያደርገዋል ወይስ ዳኛ? የሚለው ነው።

ከሁለተኛው ምክር እንጀምር። ስሌት ስሜትን ይገድላል የሚሉ ሰዎች ዘወትር በምስክርነት የሚጠሩት አዝማሪውን ነው። አዝማሪ ኖታ ሳያነብ በአንዲት የፈረስ ጭራ ሰውን ያስለቅሳል ይላሉ። እውነት ነው። ይሁንና ኖታ አለማንበብ አለመማር ነውን? የአዝማሪ ልጅ ከአባቱ ወይም ከአጎቱ አጠገብ ሆኖ ጣቱ የት ማረፍ እንዳለበት እየታረመ ያድጋል። ትዝታን ከባቲ፣ አምባሰልን ከአንቺ ሆዬ ለይቶ ያውቃል። ይህ ሕግ ነው፤ በወረቀት አልሰፈረም እንጂ።

የቤተ ክህነቱ ትምህርትማ ከዚህም የጠበቀ ነው። የቅዱስ ያሬድን ዜማ የሚማር ሰው ግዕዝን፣ ዕዝልንና አራራይን ለይቶ ድጓውን እስኪያስመሰክር ድረስ ዓመታት ይፈጅበታል። ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ቁርጥ የሚባሉት ምልክቶች ከፊደሉ በላይ ተጽፈው ድምፁን ይመሩታል። ምልክቶቹ ግን ዜማውን ከመምህር አፍ ላልሰማ ሰው ብዙም አይናገሩም፤ የሰማውን ያስታውሳሉ። በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጣሊያናዊው መነኩሴ ጉይዶ ዘአሬዞ ያስፋፋው የመስመር ኖታ ደግሞ ሌላ ዓላማ ነበረው። የዝማሬ ተማሪዎች ከቶ ሰምተውት የማያውቁትን ዜማ ከወረቀት አንሥተው እንዲዘምሩ፣ የትምህርት ዘመናቸውም እንዲያጥር ፈለገ። አንዱ መንገድ መምህርን ግድ ይላል፤ ሌላው መምህር በሌለበት ይደርሳል። ያለ ሕግ የተገኘ ዜማ ግን በሁለቱም ዘንድ የለም። እንግዲህ ሕግ ስሜትን ይገድላል የሚለው ሥጋት መሠረት የለውም።

እኔን የሚያሳስበኝ ከመጀመሪያው ምክር በስተኋላ የሚመጣው ነገር ነው። ተማሪው በፒያኖ ወይም በኪቦርድ ላይ ዶ፣ ሬ፣ ሚ እያለ ይለማመዳል። ጆሮው ይሰላል። ከጥቂት ወራት በኋላ ማሲንቆ ሲሰማ ፊቱን ያጨማድድና «ይህ ሰው ከቅኝት ወጥቷል» ይላል። ትናንት ያልተማረው ጆሮው የሰጠውን ደስታ ዛሬ የተማረው ጆሮው ነሣው። ለመሆኑ ይህ ፍርድ ትክክል ነውን?

መልሱን ለማግኘት የፒያኖውን የራሱን ነገር መመርመር ይገባል። አንድን ክር እኩል ለሁለት ከፍለን ግማሹን ብንመታ ያው ድምፅ ቀጥኖ ይሰማል፤ ሁለት ሦስተኛውን ብንመታ ከዶ እስከ ሶል ያለውን ርቀት እናገኛለን። ይህን የጥንት ግሪኮች ያውቁት ነበር። ችግሩ ያንኑ ርቀት አሥራ ሁለት ጊዜ ወደ ላይ ብንደራርበው ወደ ተነሣንበት ድምፅ በትክክል አለመመለሳችን ነው፤ የግማሽ ድምፅ ሩብ ያህል እናልፈዋለን። ተፈጥሮ ሒሳቡን አልዘጋችውም። የዛሬው ፒያኖ ይህን ትርፍ ለአሥራ ሁለቱ ርቀቶች እኩል ያከፋፍለዋል። ስለዚህም የፒያኖ ሶል ከተፈጥሮው ሶል በጥቂቱ ዝቅ ይላል፤ ሚው ደግሞ የግማሽ ድምፅ ሰባተኛ ያህል ከፍ ይላል። መነሻው ድምፅም ቢሆን ከሰማይ የወረደ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1859 ፈረንሳይ ላ የሚባለው ድምፅ በሴኮንድ 435 ንዝረት ይሁን ብላ ደነገገች፤ በ1939 ለንደን ላይ የተደረገ ጉባኤ ደግሞ 440 ይሁን አለ።

ስለዚህ ፒያኖ ስምምነት ነው። ጠቃሚ ስምምነት ነው፤ ተጫዋቹ ከየትኛውም ድምፅ ተነሥቶ እንዲጫወት፣ ብዙ መሣሪያዎችም ባንድነት እንዲዘልቁ አስችሏል። ነገር ግን ስምምነትን የተፈጥሮ ሕግ አስመስሎ፣ በስምምነቱ ያልነበረን ሰው በእርሱ መቅጣት ፍርደ ገምድልነት ነው። ያ ባለማሲንቆ የወጣው ከፒያኖው ቅኝት ነው፤ ከራሱ ቅኝት ለመውጣት አለመውጣቱ ተማሪው ገና አልመረመረም።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። «እንዲህ ከሆነማ ስሕተት የሚባል ነገር የለም፤ ክራሩን ሳይቃኝ የሚመታም የራሴ ቅኝት ነው ሊል ነው» የሚል። አይደለም። አዝማሪም ይሳሳታል፤ መሳሳቱንም ከሁሉ በፊት የሙያ ጓደኛው ያውቅበታል። ፍርድ አለ፤ ነገር ግን መነሣት ያለበት ተጫዋቹ ከሚኖርበት ሕግ ነው። ያንን ሕግ ለማወቅ ደግሞ ረዘም ላለ ጊዜ ዝም ብሎ ከመስማት በቀር አቋራጭ የለም።

ነገሩ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልተካረረ ነበር። ትዝታ በፒያኖ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፤ ለመማርም ይረዳል። ይሁንና በኪቦርድ የታጀበ ዘፈን ብቻ እየሰማ ያደገ ጆሮ በጽሑፉና በክራሩ መካከል ያለችውን ያችን ስስ ልዩነት እንደ ጉድለት ይቆጥራታል። የሚቆጥራት ሲበዛ ባለሙያውም ያርማታል። ከታረመች በኋላ ደግሞ ማንም አይፈልጋትም፤ ሰምቷት የማያውቀውን ነገር ማን ይናፍቃል?

ስለዚህ ለጀማሪው የምለው ኖታውን ተማር፣ ሶልፌጁንም አትናቅ ነው። በያሬድ ሙዚቃ ት/ቤት ክራርና ማሲንቆ ከፒያኖና ከቫዮሊን ጎን መሰጠታቸው ትልቅ ዕድል ነው፤ አንዱን ቅኝት በሁለቱም ሰምቶ የት ላይ እንደሚለያዩ መጠየቅ ያስችላልና። እንግዳ ድምፅ ጆሮህን ሲቆረቁረው «ማን አበላሸው?» ከማለትህ በፊት «ማን አስተማረው?» ብለህ ጠይቅ። መልሱን ፈልገህ ካጣህ በኋላ ብትፈርድ የሚወቅስህ የለም።