ኪነ ጥበብ ለተቸገረ ልጅ ቅንጦት ነውን?

የዕለት ምግብ ላልሞላለት፥ የመማሪያ መጽሐፍ ለጎደለው ልጅ ሥዕልና ዜማ ማስተማር ተገቢ ነውን? እጥረት ባለበት ዘንድ ለአንዱ የተሰጠ ሰዓት ከሌላው የተቀነሰ ስለ ሆነ፥ ይህን የሚጠይቅ ሰው ቀና መልስ ይገባዋል።

ጥያቄው ከሚጠብቅባቸው ስፍራዎች አንዱ በጋምቤላ ክልል፥ በኢታንግ ልዩ ወረዳ የሚገኘው የኩሌ የስደተኞች ሰፈር ነው። ሰፈሩ የተቋቋመው በ2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜ ድንበር ተሻግሮ ለመጣው ሕዝብ ነው። ከነዋሪዎቹ የሚበዙት የኑዌር ተወላጆች ሲሆኑ፥ አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ናቸው። በዚያ እህሉ ተሰፍሮ፥ ውሃውም ተለክቶ ይሰጣል። ሰጪዎቹ ምስጋና ይገባቸዋል፤ ነገር ግን ከሕፃንነቱ ጀምሮ መቀበልን ብቻ ያወቀ ልጅ «እኔስ ለሰው የምሰጠው ምን አለኝ?» ብሎ ራሱን ቢጠይቅ መልስ ያጣል።

የኪነ ጥበብ ጥቅም የሚገለጸው እዚህ ላይ ነው። የኑዌር ሕፃናት ከጭቃ በሬና ላም እያበጁ መጫወትን ከጥንት ያውቁበታል፤ ጎልማሳውም ስሙን የወሰደበትን በሬ በራሱ ግጥምና ዜማ ያወድሳል። ከብቱ በጦርነት ቢያልቅ እንኳ ይህ ጥበብ አብሮ አያልቅም። ልጁ በእጁ ያበጀውን በሬ ለታናሹ ሲያበረክት፥ በዚያች ሰዓት ሰጪው እርሱ ነው።

ይህ አሳብ ለአገራችን ትምህርት እንግዳ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው የመምህሩን ቅኔ በቃሉ ስለ ያዘ ብቻ ዐወቀ አይባልም፤ የራሱን አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ መንገር አለበት። ያም ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ቁራሽ እየለመነ የሚያድር ነው። አባቶቻችን ግን «አስቀድሞ ይጥገብ፥ ከዚያ በኋላ ይቀኝ» አላሉም። በኅዳር 1982 ዓ.ም. የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በ31ኛው አንቀጹ በኪነ ጥበብ መሳተፍን ከልጆች መብት ቆጥሮታል።

ሆኖም ዜማ ሁሉ ሰላምን አይዘራም። በሬን የሚያወድስ አንደበት ጎረቤትን ሊሰድብ፥ የቆየ ቂምንም ሊቀሰቅስ ይችላል። ጋምቤላ የኑዌርና የአኙዋ ግጭት ደጋግሞ የፈተነው ምድር ስለ ሆነ፥ ነገሩ በቸልታ የሚታይ አይደለም። ስለዚህ መምህሩ ልጆቹን ማዘፈን ብቻ ሳይሆን፥ አንዱ የሌላውን ዜማ በአክብሮት እንዲያዳምጥ ማስለመድ ይገባዋል።

ዜማ እንጀራን አይተካም፤ ሥዕልም የመምህርን እጥረት አይሞላም። ነገር ግን ጭቃ በገንዘብ አይገዛም፤ የሚያስፈልገው በሳምንት ጥቂት ሰዓትና ልጁ የሠራውን አይቶ የሚያመሰግን መምህር ነው። የትምህርት ኃላፊዎችም የሰዓት ድልድሉን ሲያወጡ ይህችን ጥቂት ሰዓት እንደ ትርፍ ነገር ቆጥረው እንዳይሰርዟት አደራ እንላለን።